ተራራው የወሰደው ጉልበትና ብልሽቱ የወሰደው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ጉልበት ያጣል። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትርን ታልፋለች፤ ከደባርቅ ተነስቶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እየሰነጠቀ ጨነቅ የሚያደርሰው የጠጠር መንገድ 3,600 ሜትር ይነካል፤ ከጨነቅ በላይ ያለው የቧሂት መተላለፊያ ደግሞ 4,200 ሜትር አካባቢ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህሉን እየጣለ ይሄዳል። ደባርቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ የሚሞላው ቦታ ያው ቢሆንም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሳስቷል፤ ነዳጁን የሚያቃጥለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ አንሷል።

በሰሜኑ መንገድ በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ እንውሰድ። ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ጎንደር ላይ ከመቶ እምብዛም አያልፍም፤ ደባርቅ ላይ 95 አካባቢ ይሆናል፤ ጨነቅ ሲደርስ 85 ቢቀረው ነው። እዚያ ላይ ሆኖ ነዳጅ እየረገጠ "መኪናዬ ሞተብኝ" የሚል ሾፌር ጠቡ ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከአየሩ ጋር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ተራራው እውነተኛውን ብልሽት ሲሸፍን ነው። "ደጋ ስለሆነ ነው" እየተባለ ወራት የሚነዳ የታመመ መኪና አለ። በተቃራኒው፣ ምንም ያልሆነ ፓምፕ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚመለስበትም ጊዜ ሞልቷል። ሁለቱን የሚለይ አንድ ምልክት ግን አለ። ተራራው የሚወስደውን ቀስ በቀስ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ይወስዳል፤ መኪናው ሲወርድም ሳያጎድል ይመልሳል። ብልሽት ግን አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሰወራል። ትናንት በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የወገራን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ዛሬ እዚያው ዳገት ላይ በሁለተኛ ከታፈነ፣ ተራራው ከትናንት ወዲህ አላደገም።

ጎንደር አዘዞ መንገድ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ያየሁት ሃርድቶፕ እንዲህ ዓይነት ነበር። ሾፌሩ ቱሪስቶችን ስሜን ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር የሚያመላልስ ወጣት ነው። መካኒኩ ሸምገል ያለ፣ ቱታው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰው ነው፤ ኮፈኑን ለመክፈት አልቸኮለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠይቃል።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ ወንድማለም።"

"ጋሼ፣ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍኩ ታፈነብኝ። ብረግጠው ብረግጠው አልሄድ አለ። ዳር ይዤ አጠፋሁት፤ እንግዶቹ ፎቶ አንስተው እስኪመለሱ ቆምኩ። ስነሳ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ገደብዬ ሳልደርስ ደግሞ ያው።"

"ሲታፈን ጭስ አለው?"

"ኧረ የለውም።"

"ይንገጫገጫል ወይስ ዝም ብሎ ይደክማል?"

"ዝም ብሎ ነው እየደከመ የሚመጣው።"

"ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆንና ሲጎድል ልዩነት አለው?"

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። "አሁን ሲሉኝ ነው… ሲሞላ ብዙም አያስቸግረኝም። ከግማሽ በታች ሲሆን ነው የሚብሰው።"

"እስካሁን ምን ነካካችሁ?"

"ፊልትሮው ተቀየረ። ኖዝሎቹም ታይተዋል። አሁን ፓምፑ ይውረድ ተብዬ ነው የመጣሁት።"

መካኒኩ አንድም ብሎን ሳይፈታ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የጭሱ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ተጠርጣሪዎችን ነጻ ያወጣል። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣ ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል፤ አየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ተርቦ ያለው ከሆነ ተርቦው አልነፋም ማለት ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ነው፤ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት ነው። ያለ ጭስ የሚደክም የናፍጣ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው ነዳጅ ነው። "ዝም ብሎ ይደክማል" የሚለውም መልስ ዋጋ አለው። የኤሌክትሪክ ንክኪ ሲላላ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ መኪናውን ይነቀንቃል። ቀስ እያለ የሚሞት ሞተር ግን የሆነ ቦታ መንገዱ የጠበበበት ነው፤ እርጥብ ነጠላ አፍንጫው ላይ ጥለው ዳገት ሩጥ ያሉት ሰው ማለት ነው። ቆሞ ሲነሳ መዳኑና ነዳጅ ሲጎድል መባሱ ደግሞ የሚያጠብበው ነገር ተንቀሳቃሽ መሆኑን ይናገራል።

የዚህ ዓይነት አሮጌ ናፍጣ መኪና ሳልባትዮው ውስጥ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለውም። ኢንጄክሽን ፓምፑ ራሱ ከፊት ሆኖ ነዳጁን ከኋላ፣ በቀጭን ቱቦ፣ በፊልትሮው በኩል ይስባል። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ በመሳብ ኃይል ነው የሚሠራው። ብዙ ሾፌር የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ በሚገፋ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ካለ ነዳጅ ይንጠባጠባል፣ በሚስብ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ካለ ግን አንዲት ጠብታ ሳይወጣ አየር ይገባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቱቦው ደረቅ ነው፣ መኪናው ግን አየር እየሳበ ይደክማል። በእርጅና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ ማሰሪያው የላላ መጋጠሚያ፣ የፊልትሮው ቤት ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ጎማ የተለመዱት ጥፋተኞች ናቸው። ለዚህ ሁሉ መላው ቀላል ነው። ከፓምፑ ፊት ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥሎ ሞተሩን ማስነሳት ይበቃል፤ ናፍጣው ጥርት ብሎ ካለፈ አየር የለም፣ አረፋ እየተግተለተለ ከታየ ፍለጋው ወደ ኋላ ይሄዳል።

መካኒኩ መጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። የክዳኑ መተንፈሻ ሲደፈን፣ ነዳጁ እየወጣ ሲሄድ ሳልባትዮው ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጠራል፤ ክዳኑ ሲከፈት "ፍስስ" ብሎ አየር ሲገባ ይሰማል። በዚህኛው ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ንጹህ ናፍጣ የያዘች ትንሽ ጄሪካን አስመጣና ፖርቶመጋላው ላይ ከፊት በኩል በገመድ አሰራት። ከሳልባትዮ የሚመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው መግቢያ ላይ ነቅሎ በምትኩ ከጄሪካኗ የሚወርድ ቱቦ ሰካ። የመመለሻውንም ቱቦ ወደዚያችው ጄሪካን መለሰ። ሞተሩ አሁን ሳልባትዮ እንዳለው አያውቅም። ይህ ሙከራ ለናፍጣ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በቤንዚን መኪና ላይ፣ ከጋለ ሞተር አጠገብ፣ እሳት መጥራት ነው።

ወደ ኮሶዬ ወጣን። ከጎንደር ሰሜናዊ መውጫ ጀምሮ ዳገቱ አይለቅም፤ ከቆላው ገደል አፋፍ ላይ እስኪወጡ ድረስ መንገዱ ይጠማዘዛል። ሃርድቶፑ በዚያ ከፍታ የሚችለውን ያህል ጎተተ፤ ከዚያ በታችም አልወረደም። ሾፌሩ ደጋግሞ ቀና እያለ ወደ ጄሪካኗ ያያል፣ መካኒኩ ወደ መንገዱ። ስንመለስ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። ከፊልትሮው ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ፊልትሮው፣ ፓምፑ፣ ኖዝሎቹ፣ ጤነኛ ነው። የቀረው ሳልባትዮውና ቱቦው ነው።

ከሳልባትዮው አናት ላይ የመሳቢያውን ቱቦ የያዙት ብሎኖች ሲፈቱ ምስጢሩ ተጠቅልሎ ወጣ። ከመዳፍ የማይበልጥ የሰማያዊ ፌስታል ቁራጭ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ከግማሽ በላይ ሸፍኖ ተጣብቋል። ሞተሩ ዳገት ላይ ብዙ ሲስብ ፌስታሉ ይመጣና ይለጠፋል። ሲጠፋ የሚስበው ኃይል ስለሚቆም ይለቅና ይንሳፈፋል። ሳልባትዮው ሲሞላ ከቱቦው ጫፍ ይርቃል፣ ሲጎድል ይቀርባል። ወጣቱ "ወይ ጉድ!" ብሎ ፌስታሉን ይዞ ፀሐይ ላይ አየው።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አላስፈለገም። ነዳጅ በጄሪካን የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክዳኑ እንዳያፈስ ከሥሩ ፌስታል ይደረግበታል። ክዳኑ ሲጠብቅ ፌስታሉ ይቆረጣል፣ ሲገለበጥ ቁራጩ አብሮ ይገባል። ማደያ ሲደርቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ናፍጣና ቤንዚን በጄሪካንና በሃይላንድ ከመንገድ ዳር መግዛት በዚህ አካባቢ ምርጫ አይደለም። ከፌስታሉ ሌላ ውሃ አለ፣ ዝገት አለ፣ ከበርሜል ሥር የተቀዳ አተላ አለ። አንዳንዱም ናፍጣውን በላምባ ያቀጥነዋል። ላምባ ማለስለሻነቱ ዝቅተኛ ነው፤ በናፍጣው የሚለሰልሰው ፓምፕ ውሎ አድሮ ይበላል። እንዲህ ያለ ነዳጅ የሚጠቀም ሰው በጨርቅ ሳይሆን በጥሩ ወንፊት ቢያጠልል፣ የፊልትሮውን የታች መክፈቻ እያላላ ውሃውን ቢያወጣ፣ ከአንድ ፊልትሮ ይልቅ ሁለት መለዋወጫ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ሁሉም መኪና ግን ፌስታል አልዋጠም። በዚሁ መንገድ የሚመላለሱ ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ባሕር ወለል አጠገብ ወይም መተማ በመሰለ ከ1,000 ሜትር በታች ባለ ቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደባርቅ ሲወጣ ለሳሳው አየር ነዳጅ ያበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ያስላል። ደግሞም በከፍታ ላይ ፈሳሽ ሁሉ ፈጥኖ ይፈላል። ቤንዚኑ ከጋለው ሞተር አጠገብ በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ፓምፑ እንፋሎቱን መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናው ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። ይህን ከኮይል ብልሽት መለየት ያስፈልጋል፤ አሮጌ ኮይልም ሲግል ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳልና። መለያው መኪናው በቆመበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ካንዴላ ነቅሎ ብልጭታ መኖሩን ማየት ነው። ብልጭታ ካለ ጥፋቱ ወደ ነዳጅ ይዞራል። እዚያች ቅጽበት ላይ ያልታየ ነገር ጋራዥ ውስጥ አይገኝም፤ መካኒኮች "ሲመጣ አሳየኝ" የሚሉትም ለዚህ ነው።

ውሃም እንዲሁ ነው። ደባርቅ ላይ ክፍት ድስት 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩን ከዚህ የሚጠብቀው በዋናነት የክዳኑ ግፊት ነው፤ የላላ ክዳን ቆላ ላይ ምንም ሳያሳይ ደጋ ላይ ሞተሩን ያፈላል፣ የፈላ ሞተር ደግሞ ይደክማል። በርካሽ የሚቀየር ክዳን ሳይታይ ቴስታታ የሚወርድበት ጋራዥ አለ፣ ያሳዝናል።

ተርቦ ያላቸው አይሱዙዎች ላይ መጀመሪያ የሚታየው ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ነው። ተርቦው ሲነፋ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቆሞ ሲታይ ግን ስንጥቁ ተጋጥሞ ደህና ይመስላል። ከአየር ማጣሪያ ወደ ተርቦ የሚመጣው ጎማም ውስጡ ሲላጥ ሞተሩ ሲስብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ማርሚታ ውስጥ የተነቀለ ቆርቆሮ መውጫውን አልፎ አልፎ ይዘጋል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈጥንም፤ ይህን "ጉልበት አጣ" ብሎ ለሞተር ሠራተኛ መስጠት ገንዘብ መጣል ነው። ከደባርቅ ባሻገር ያለውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ መልሶ የሚወጣ መኪናም ፍሬኑ እንዳልለቀቀ ማየት አለበት። ከመኪና ወርዶ እጅን ወደ ቸርኬው ማስጠጋት ይበቃል፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ሞተሩ የሚታገለው ከራሱ ጎማ ጋር ነው።

ሊማሊሞ ራሱ ለመካኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከአስመራ በገደሉ አናት አድርጎ ወደ ጎንደር የሚያስገባውን መንገድ ቆረጠ። በኅዳር 1934 ዓ.ም ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጅ ሰጠ፤ መንገዱ ግን ቀረ፤ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ማርሚታው ሁሉ ከነስሙ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ኋላም ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት የጭነት መኪኖች ለአሠርት ዓመታት በዚህ ዓይነት ዳገት ሲያቃስቱ፣ መካኒኩ ያለ መሣሪያ በጆሮው፣ በአፍንጫውና በጣቱ መለየት ተማረ። ዛሬ አዘዞ መንገድ ላይ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው የዚያ ልምድ ወራሽ ነው። ሙያው ከአለቃ ወደ ረዳት በእጅ እየተላለፈ የመጣ በመሆኑ ግን አንድ ድክመት አለበት፤ የመጣውና የሄደው ብልሽት አይመዘገብም። አንዱ ጋራዥ ያገኘውን ሌላው እንደገና ከዜሮ ይጀምረዋል።

አሮጌ መኪና ደግሞ ገና ብዙ ዘመን ከእኛ ጋር ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ያለችው ሃርድቶፕ እንግዲህ ትጠገናለች እንጂ አትተካም።

"አዲሶቹ ኮምፒውተር ስላላቸው ይሻላሉ" የሚል አለ። በከፊል እውነት ነው። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች የነዳጅ ግፊት ሲወርድ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ አጥፍተው ሲያስነሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሾፌሩ የሚናገረው ታሪክ ከሃርድቶፑ ጋር አንድ ነው። የመመርመሪያ ማሽኑ ሲሰካ ኮዱ የሚያሳየው ግፊት ማነሱን ነው እንጂ ሳልባትዮ ውስጥ ፌስታል መኖሩን አይደለም። ኮዱን አይቶ ወዲያው ውዱን ፓምፕ የሚቀይር ሰው፣ ኮፈን ከፍቶ በግምት ከሚቀይረው የተለየ ሥራ አልሠራም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በዚህ አገር ለአሮጌ መኪና የሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው በብልሽቱ ሳይሆን በግምት በሚለወጥ ዕቃ ነው። ፊልትሮ መቀየር ርካሽ ስለሆነ ይቀየር፤ ኖዝልና ኢንጄክሽን ፓምፕ ግን ከአንድ ሙከራ በኋላ እንጂ በፊት መውረድ የለባቸውም። ፓምፕ አንዴ ከተፈታ ወደ ካሊብሬሽን መሄድ አለበት፤ አለዚያ ደህናው ፓምፕ በተፈታ ማግሥት አዲስ በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥፋት ማግኘት እጥፍ ድርብ ይከብዳል።

አንባቢ ሆይ፣ መኪናዎ ጉልበት አጥቶ ከተመለሰ ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የት ቦታ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወይስ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ነዳጁ ምን ያህል ሆኖ፣ ምን ዓይነት ጭስ ይዞ፣ ሲቆም ምን ያህል ቆይቶ እንደተመለሰ። የመጨረሻውን ነዳጅ ከየት እንደቀዱም አይደብቁ። "ፓምፑ ይውረድ" የሚልዎ መካኒክ በጄሪካን ሞክሮ ካላሳየዎት ደግሞ መኪናዎን አስነስተው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።